ሁለት ጾም በአንድ የፈረቃ ሰሌዳ፦ የአንድ ማተሚያ ቤት ጉዳይ

ይህ የጉዳይ ጥናት በ2017 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ፣ በመሐል አዲስ አበባ በሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ የሚገኝ አንድ የግል ማተሚያ ቤት የሠራተኞቹን ልዩ ልዩ ሃይማኖታዊ ግዴታዎች ከፈረቃ ሥራው ጋር ለማስማማት ያለፈበትን ሂደት ይመለከታል። የድርጅቱና የሠራተኞቹ ስም አይጠቀስም። ጸሐፊው ጉዳዩን ያወቀው የውስጥ የሥራ ደንቡን ረቂቅ እንዲያዘጋጅ በአስተዳደሩና በሠራተኛ ማኅበሩ ስምምነት ተጠርቶ በነበረበት ወቅት ነው።

ማተሚያ ቤቱ ከስድሳ የማይበልጡ ሠራተኞች ያሉት፣ ደረሰኝ፣ መጽሔትና የተማሪዎች አጋዥ መጻሕፍት የሚያትም መካከለኛ ድርጅት ነው። የማሽን ክፍሉና የጥረዛ ክፍሉ በሳምንት ስድስት ቀን፣ በሁለት ፈረቃ ይሠራሉ። የጠዋቱ ፈረቃ ከጠዋቱ 1፡00 እስከ ቀኑ 9፡00፣ የማታው ደግሞ ከቀኑ 9፡00 እስከ ሌሊቱ 5፡00 ሲሆን፣ ሠራተኞች በየሳምንቱ ፈረቃ ይለዋወጣሉ። የኦፍሴት ኅትመትን ጠባይ ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር መግለጽ ያስፈልጋል። ፕሌቱ (የሚታተመው ገጽ ያረፈበት ስስ ብረት) ከተጫነና የቀለሙና የውሃው ሚዛን ከተስተካከለ በኋላ ማሽኑ ያለማቋረጥ ቢሄድ ይመረጣል፤ በየመሐሉ ቢቆም ሚዛኑን እንደገና ለመመለስ ጊዜ ይጠፋል፣ እስኪስተካከልም ድረስ የሚወጣው ወረቀት ይበላሻል። የወረቀት ዋጋ በናረበት ዘመን ይህ ለባለንብረቱ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ በዚህ ቤት ውስጥ “ለአሥር ደቂቃ ልውጣ” የሚል ጥያቄ በአንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከሚቀርበው ተመሳሳይ ጥያቄ የከበደ ነው።

የሠራተኞቹ ስብጥር ከከተማዋ እምብዛም አይለይም። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ከአዲስ አበባ ነዋሪ 74.7 በመቶው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ፣ 16.2 በመቶው የእስልምና፣ 7.8 በመቶው የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ ነበር። በማተሚያ ቤቱም አብዛኛው ሠራተኛ ኦርቶዶክስ ነው፤ በመቁረጫና በጥረዛ በኩል ሙስሊሞች ይበዛሉ፤ ፕሮቴስታንቶች በሁሉም ክፍል ተበትነው ይገኛሉ፤ አንድ የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስት ሠራተኛም አለ።

የየካቲት ወር

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የገባው ሰኞ የካቲት 17 ቀን ሲሆን፣ ረመዳን ደግሞ ቅዳሜ የካቲት 22 ቀን ጀመረ። ረመዳን በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል፤ ሁዳዴ ግን ትንሣኤን ተከትሎ ከፍና ዝቅ ቢልም ከየካቲትና ከመጋቢት አይርቅም። ስለሆነም ሁለቱ ለተወሰኑ ዓመታት ተደራርበው ይቆዩና እንደገና ይለያያሉ። ቀደም ባሉት ዓመታት የነበረው የድርጅቱ ልማድ ግን ለዚህ አልተዘጋጀም።

ልማዱ መቀያየር ነበር። በረመዳን ሙስሊሙ በጠዋቱ ፈረቃ ይቆያል፣ ክርስቲያኑ የማታውን ይሸፍንለታል፤ በሕማማት ሳምንት ደግሞ ብድሩ ይመለሳል። ይህ በቃል ብቻ የሚፈጸም፣ ማንም ያልጻፈው ስምምነት ለዓመታት ያለ ችግር ሠርቷል፤ ጥሩ ልማድ እንደነበረም መካድ አይገባም። በ2017 ግን ሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ የጠዋቱን ፈረቃ ፈለገ። ሙስሊሙ ቀኑን ሙሉ ከምግብና ከውሃ ተከልክሎ ውሎ፣ አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 12፡40 ገደማ ፀሐይ ስትጠልቅ ከቤተሰቡ ጋር ማፍጠር ይሻል፤ የማታው ፈረቃ በዚያ ሰዓት መሐል ላይ ያርፋል። በአንጻሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾመው ኦርቶዶክስ በጠዋቱ ፈረቃ ላይ ከሆነ ሥራው የሚያልቀው ልክ በመግደፊያው ሰዓት ነው፤ በማታው ፈረቃ ከተመደበ ግን ወይ ሳይበላ ማሽን ላይ ይቆማል፣ ወይ ጾሙን ቀደም ብሎ ይፈታል። መቀያየር የሚቻለው የአንዱ ፍላጎት ከሌላው ሲለይ ብቻ ነው። እዚህ ግን ሁሉም የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር።

የፈረቃ ኃላፊው ያገኘው መላ ጾም ላይ ያልሆኑትን መፈለግ ሆነ። ፕሮቴስታንቶቹ በማታው ፈረቃ ተከታታይ ሳምንታት ተመደቡ። ክፉ ሐሳብ አልነበረበትም፤ እንዲያውም ለጾመኞች አዝኖ ያደረገው ነው። የዚህ ውጤት ምን እንደሆነ ከዚህ በታች በስፋት ይታያል፤ በጊዜው ግን ማንም አላስተዋለውም፣ ምክንያቱም የሁሉም ዓይን በሌላ ነገር ላይ ነበር።

በረመዳን የመጀመሪያ ሳምንት፣ የፕሮቴስታንቶቹ ቁጥር የማታውን ፈረቃ ስለማይሞላ በዚያ ከተመደቡት ሙስሊሞች አንዱ የሆነው የመቁረጫ ማሽን ሠራተኛ፣ የመግሪብ (ፀሐይ ስትጠልቅ የሚሰገደው ሶላት) ሰዓት ሲደርስ ማሽኑን አጥፍቶ በሦስት ቴምርና በውሃ አፈጠረ፣ ሶላቱንም ሰግዶ ተመለሰ። የፈረቃው የእረፍት ሰዓት ከምሽቱ 1፡30 ነበር። በመጠረዣው በኩል የተቆረጠ ወረቀት የሚጠብቁ ሰዎች ሥራ ፈትተው ቆሙ፤ የአንድ ደንበኛ አስቸኳይ ሥራም ለማግስቱ አደረ። በማግስቱ “ያለ ፈቃድ የሥራ ቦታን በመልቀቅ” የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ሠራተኛው ማስጠንቀቂያውን ተቀብሎ አልፈረመም። የማኅበሩ ተወካይ ጉዳዩን ወደ አስተዳደር ሲወስደው፣ አስተዳደሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መልስ ሰጠ፦ ለሃይማኖት ጉዳይ ከሥራ ቦታው መነሣት የሚፈልግ ሠራተኛ በየዕለቱ ለክፍል ኃላፊው በጽሑፍ አመልክቶ ማስፈቀድ ይችላል።

ይህ ማስታወቂያ ላዩን ሲታይ ፈቃጅ ነው፤ ማንንም አይከለክልም። በተግባር ግን ከማስጠንቀቂያው የበለጠ ቅሬታ አስነሣ። ከሁሉ አስቀድሞ፣ ግዴታው በየቀኑ በታወቀ ሰዓት የሚመጣ ሆኖ ሳለ በየቀኑ እንደ አዲስ መለመን አስፈለገ። መልሱም በኃላፊው ጠባይና በዕለቱ የሥራ ጫና ላይ ተንጠለጠለ፤ የማሽን ክፍሉ ኃላፊ፣ ሁሉም “ጋሼ” እያሉ የሚያከብሯቸው ሰው፣ ለሁሉም ሲፈርሙ የጥረዛው ኃላፊ ግማሹን መለሰ። ይባስ ብሎ ኃላፊዎቹ ስለሌላው ሰው ሃይማኖት ፈራጅ ሆኑ። አንዱ ኃላፊ በሰፈሩ የሚያውቃቸው ሙስሊሞች መግሪብን አዘግይተው እንደሚሰግዱ ጠቅሶ ተከራከረ፤ ሌላው አንዲት ኦርቶዶክስ ሠራተኛ እስከ ስድስት ሰዓት መጾም በቂ እንደሆነ ሊያስረዳት ሞከረ። እስከ ስንት ሰዓት እንደምትጾም የምትወስነው ከንስሐ አባቷ ጋር እንጂ ከጥረዛ ክፍሉ ኃላፊ ጋር አይደለም። በጥረዛ ክፍል ያሉ ሴቶች አብዛኞቹ ጭራሽ አላመለከቱም፤ ቁጥራቸው ትንሽ የሆነ ማመልከቻዎች በመዝገብ ላይ ሲታዩም አስተዳደሩ ችግሩ እንደ ተጋነነ ቆጠረው።

ሕጉ የሚለውና የማይለው

ማኅበሩና አስተዳደሩ ለመነጋገር ሲቀመጡ ሁለቱም ወገን ሕግ ጠቀሰ። የሥራ ደንቡ ረቂቅ የሕጉን ገደብ ማወቅ ስለነበረበት፣ በጊዜው የተመረመረው ከዚህ እንደሚከተለው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 የሃይማኖትና የእምነት ነጻነትን ያረጋግጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ አሠሪ በሃይማኖት ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል፤ ሃይማኖት ሠራተኛን ለማሰናበት ምክንያት ሊሆን እንደማይችልም ይደነግጋል። በሕዝብ በዓል ቀን የሠራ ሰው ለሠራበት ሰዓት እጥፍ ይከፈለዋል። ነገር ግን አዋጁ የግል ድርጅት ለሶላት ወይም ለቅዳሴ ሰዓት እንዲሰጥ በግልጽ አያስገድድም። በሌላ በኩል አንድ ጠቃሚ በር ይከፍታል፦ ሥራው የሚጠይቅ ሲሆን የአንዱን ቀን የሥራ ሰዓት አሳጥሮ ልዩነቱን በሳምንቱ ሌሎች ቀናት ላይ ማከፋፈል ይቻላል፣ በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ የሚጨመረው ከሁለት ሰዓት እስካልበለጠ ድረስ። የሳምንት እረፍቱም በመርሕ እሑድ ቢሆንም፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ በሌላ ቀን ሊወሰን ይችላል። የመፍትሔው አብዛኛው ክፍል የተገኘው ስለ ሃይማኖት ከሚናገሩት አንቀጾች ሳይሆን ስለ ሰዓት ከሚናገሩት ከእነዚህ ደረቅ ድንጋጌዎች ነው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጉዳይም ተነሣ። አዲስ አበባ ውስጥ ዓርብ ዕለት የመንግሥት ቢሮ ደጃፍ የደረሰ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የዓርብ የምሳ እረፍት ከ5፡30 እስከ 7፡30 ነው፤ በሌሎቹ ቀናት ከ6፡30 እስከ 7፡30 ነው። ይህ የሆነው ለጁምዓ ሶላት ሲባል ነው፤ ነገር ግን እረፍቱ የሁሉም ሠራተኛ ነው። ሙስሊሙ መስጊድ ሲሄድ ሌላው ጉዳዩን ይፈጽማል፣ ፈቃድ ጠያቂም ፈቃድ ሰጪም የለም። በዚህ ከተማ ያሉ ብዙ የግል ድርጅቶች ይህን ምሳሌ በየሳምንቱ በዓይናቸው እያዩ ለምን ለራሳቸው እንዳልወሰዱት ለዚህ ጸሐፊ ግልጽ አይደለም።

የሕዝብ በዓላቱም ቢሆኑ እንዲሁ በችሮታ የመጡ አልነበሩም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. እጅግ ብዙ ሙስሊሞች፣ ከደጋፊ ክርስቲያኖች ጋር፣ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ወጥተው የእኩልነት ጥያቄ ባቀረቡበት ሰላማዊ ሰልፍ ላይ ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱ የእስልምና በዓላት በብሔራዊ ደረጃ እንዲከበሩ ነበር። ዒድ አል-ፈጥር፣ ዐረፋና መውሊድ በሕዝብ በዓላት ዝርዝር ውስጥ የገቡት ከዚያ በኋላ በደርግ ዘመን ነው። በውይይቱ ላይ ይህን ያነሡት በዕድሜ የገፉ አንድ ክርስቲያን የፕሌት ባለሙያ ነበሩ። በነገራችን ላይ የ2017ቱ ትንሣኤ የዋለው በዚያው ሚያዝያ 12 ቀን ነው።

አዲሱ ሰሌዳ

ከአስተዳደሩና ከማኅበሩ የተውጣጣው ኮሚቴ የጀመረው ሰዎችን ከማዛወር ሳይሆን የማታውን ፈረቃ ራሱን ከመመርመር ነው። ጥያቄው “የማታውን ማን ይሥራ?” የሚለው ሆኖ እስከቆየ ድረስ አንዱን ጠቅሞ ሌላውን ከመጉዳት አያልፍም ነበር። “የማታው ፈረቃ ለጾመኛ የሚቻል እንዲሆን ምን መለወጥ አለበት?” ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ከተጠበቀው በላይ ቀላል ሆነ። የፈረቃው የጋራ እረፍት ከምሽቱ 1፡30 ተነሥቶ ከ12፡35 እስከ 1፡05 ሆነ። ማሽኑ በፊትም በፈረቃው አንድ ጊዜ ይቆም ነበር፣ አሁንም አንድ ጊዜ ብቻ ይቆማል። የተለወጠው የሚቆምበት ሰዓት ነው። ሙስሊሙ ያፈጥራል፣ መግሪብን ይሰግዳል፤ ሌላው ራቱን ይበላል። ከክርስቲያኖቹ መካከል በአንድ ሰዓት ያህል ቀድሞ መብላት የከበደው አልተገኘም። ለየብቻ እረፍት መስጠት ማሽኑን ሁለት ጊዜ ያስቆም እንደነበር ሲሰላ፣ በመጀመሪያ ላይ ያመነቱት ባለንብረቱ ራሳቸው የሐሳቡ ጠበቃ ሆኑ።

ለኦርቶዶክስ ጾመኞች በማታው ፈረቃ ላይ ያለው ችግር መግቢያው ላይ ነበር፤ በ9፡00 ማሽን ላይ መቆም ካለባቸው መቼ ይበላሉ? ለዚህ የርክክቡ ሥርዓት ተለወጠ። የጠዋቱ ፈረቃ ከሰኞ እስከ ሐሙስ በ9፡00 ፈንታ በ9፡15 እንዲወጣ ተደረገ፤ ገቢው ፈረቃ በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ በመመገቢያ ክፍሉ የተዘጋጀለትን ቀምሶ ይረከባል። እነዚህ በሳምንት አራት ጊዜ የሚጨመሩ አሥራ አምስት ደቂቃዎች ተደምረው አንድ ሰዓት ይሆናሉ፤ ይህ ሰዓት ለዓርብ ተሰጠ። የዓርብ የጠዋት ፈረቃ እረፍት ከግማሽ ሰዓት ወደ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከ6፡00 እስከ 7፡30 አደገ። የጁምዓ ጥያቄ በዚህ ተፈታ፤ ሠራተኛው በአካባቢው ባለ መስጊድ ሰግዶ ለመመለስ ይበቃዋል፤ መርካቶ ታላቁ አንዋር መስጊድ ድረስ ለመሄድ የሚፈልግ ግን መጣደፉ አይቀርም።

የተራዊሕ፣ ማለትም በረመዳን ሌሊት የሚሰገደው ሶላት፣ ጉዳይ እንዴት እንደታለፈ መጥቀስ ይገባል። የማታው ፈረቃ ሙስሊሞች በየሁለት ሳምንቱ አንዱን ሳምንት በመስጊድ ተራዊሕን መስገድ አይችሉም። ኮሚቴው ምን ይሻላል ብሎ ሙስሊም ሠራተኞቹን ሲጠይቃቸው፣ ተራዊሕ የተወደደ እንጂ እንደ መግሪብ ግዴታ እንዳልሆነ፣ ከሥራ መልስ ቤት ውስጥም መስገድ እንደሚቻል የነገሩት እነርሱ ናቸው። ይህንኑ አስተዳደሩ ቢናገረው ኖሮ ተገቢ አይሆንም ነበር። ግዴታውን ከተወደደው የሚለየው ባለቤቱ ነው፤ አሠሪው የሚጠበቅበት ጠይቆ መስማት ብቻ ነው።

ጾም የሌለባቸው

የዚህ ጉዳይ ዋና ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ስለ ጾመኞች ሲወራ በነበረባቸው ሳምንታት ሁሉ የማታውን ፈረቃ በተከታታይ የተሸከሙት ፕሮቴስታንቶች ዝም ብለው ነበር። ዝምታቸው ግን ፈቃደኝነት አልነበረም። አንዲት የጥረዛ ሠራተኛ በኮሚቴው ፊት የተናገረችው ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ ረቡዕ ማታ በቤተ ክርስቲያኗ የጸሎት ፕሮግራም አላት፤ ዓርብ ማታ የኅብረት ስብሰባ አላት፤ እርሷም ትጾማለች፣ ነገር ግን ጾሟ በአጥቢያዋ ሲታወጅ ወይም በግሏ ስትወስን ስለሆነ በቀን መቁጠሪያ ላይ አይታይም፤ ልጇንም ለሳምንታት የምታየው ተኝቶ ነው። ለጾመኞቹ ማድረግ የሚገባው እንዲደረግ ትፈልጋለች፣ ዋጋውን ግን እርሷ ብቻዋን እንድትከፍል መደረጉ ትክክል አይደለም።

ስለ ሃይማኖት መከባበር በየመድረኩ በሚነገረው ውስጥ ይህ ድምፅ እምብዛም አይሰማም። ልዩ ሁኔታ ሲደረግ የሚያስፈልገው ሥራ አይጠፋም፣ ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል፤ የሚሄድበትም ሰው ብዙ ጊዜ ግዴታው ለዓይን የማይታይ፣ በዓሉ በሰሌዳ ያልተጻፈ፣ ወይም “አንተ ምን ቸገረህ” ሊባል የሚችል ነው። ላላገቡ ወጣቶች የበዓል ተረኛነት የሚጫነውም በዚሁ ስሌት ነው።

ኮሚቴው ሁለት ነገር ወሰነ። አንደኛው፣ የየሳምንቱ የፈረቃ ልውውጥ በሁለቱም ጾም ወቅት ለሁሉም እኩል እንዲቀጥል ነው፤ የማታው እረፍት ስለተስተካከለ ጾመኛውን ከማታ ማውጣት አስፈላጊ አልሆነም። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ በዓመት ስምንት “የምርጫ ፈረቃ” እንዲኖረው ሆነ፤ ከአንድ ወር በፊት አስመዝግቦ በእነዚያ ቀናት የሚፈልገውን ፈረቃ ይይዛል፣ ምክንያቱንም አይጠየቅም። ሙስሊሞቹ በብዛት የረመዳንን የመጨረሻ ሌሊቶች፣ በተለይ ሃያ ሰባተኛውን መረጡ፤ ኦርቶዶክሶቹ ሰሙነ ሕማማትን፤ ፕሮቴስታንቶቹ የጉባኤ ቀናትን፤ አንድ ሠራተኛ ደግሞ የዕድሩን የወር ስብሰባ ቀናት። ምክንያት አለመጠየቁ በኮሚቴው ውስጥ ብዙ አከራክሯል። ለሃይማኖት የታሰበ ለሌላ ነገር ይውላል የሚል ስጋት ነበር። በመጨረሻ ያሸነፈው ክርክር፣ ምክንያት ከተጠየቀ የክፍል ኃላፊው እንደገና ፈራጅ ይሆናል የሚለው ነው።

የአድቬንቲስቱ ሠራተኛ ሁኔታ በዚህ አልተፈታም። ሰንበቱ ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ገብቶ ቅዳሜ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚወጣ ስለሆነ በየሳምንቱ የሚመላለስ ነው፤ ስምንት ቀን ምንም አይበቃውም። የሳምንት እረፍቱ ቅዳሜ እንዲሆን በደንቡ ተጻፈለት፣ ዓርብ ሁልጊዜ በጠዋቱ ፈረቃ ይመደባል። በቅዳሜው ፈንታ እሑድ ሲገባ ግን ሕንጻው ውስጥ ከጥበቃ ሠራተኛው በቀር ማንም የለም፣ ብቻውንም ማሽን ማንቀሳቀስ ለአደጋ የሚያጋልጥ ነው። ስለዚህ እሑድ ወረቀት ይቆጥራል፣ ፕሌቶችን ይለያል፣ መጋዘን ያስተካክላል። ሙያው ጥረዛ ለሆነ ሰው ይህ ደስ የሚያሰኝ አልነበረም፤ እርሱም አልሸሸገም።

ውሃ፣ ክፍልና ድስት

የጸሎት ቦታ ጥያቄ በመርሕ ደረጃ ማንም አልተቃወመውም። ችግሩ ቁሳዊ ነበር። ሙስሊሞቹ እስከዚያ ድረስ ይሰግዱ የነበረው በወረቀት መጋዘኑ ጥግ ላይ ነው፤ ቦታው ለእሳት አደጋም ለዕቃ ማንሻውም የማይመች ነበር። ከሰነድ ክፍሉ ጎን የነበረ ትንሽ ክፍል ተለቀቀ፤ ለሴቶች የሚሆን መጋረጃ ተደረገበት። ለውዱእ (ከሶላት በፊት ለሚደረገው መታጠብ) የሚያስፈልገው ውሃ ግን፣ አካባቢው ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ስለሆነ፣ ቀለም በተነካካው የማሽን ክፍሉ የእጅ መታጠቢያ ላይ ብቻ ነበር። መፍትሔው በርሜልና ማንቆርቆሪያ ሆነ፤ በርሜሉን የሚሞላው ማን እንደሆነም በተራ ሰሌዳ ላይ ተጻፈ። ይህ ካልተጻፈ በሦስተኛው ቀን በርሜሉ ባዶ እንደሚሆን ሁሉም ያውቅ ነበር።

ክፍሉ የሁሉም እንደሆነ ሲገለጽ ፕሮቴስታንቶቹ በምሳ ሰዓት ተሰብስበው መጸለይ ጀመሩ፤ ድምፃቸው ከፍ ሲል በጎን ያሉት የሒሳብ ሠራተኞች አቤት አሉ። ክፍሉ በለሆሳስ ለሚጸልዩ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ፤ በድምፅ ለሚጸልዩት ሳምንት ውስጥ አንድ ቀን የመመገቢያ ክፍሉ ተፈቀደላቸው። ኦርቶዶክሶቹ ክፍሉን አልተጠቀሙበትም። ማሽን ላይ የተለጠፉ የእመቤታችን ሥዕሎችና “ማሻአላህ” የሚሉ ጽሑፎች ይነሡ የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር፤ ማንንም ያላስቸገረ ነገር ስለሆነ እንዲቀር መደረጉ አስተዋይነት ነው።

ምግብን በተመለከተ፣ ሁዳዴና ረመዳን መደራረባቸው ነገሩን አቀለለው። ክርስቲያን በሙስሊም እጅ የታረደን፣ ሙስሊምም በክርስቲያን እጅ የታረደን ሥጋ እንደማይበላ የታወቀ ነው፤ በመመገቢያ ክፍሉ የሚያጋጨው ሁልጊዜ የሥጋው ድስትና ማማሰያው ነበር። በጾሙ ወራት ግን በምድጃው ላይ ያለው ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ስለነበረ ሁሉም ከአንድ ድስት በላ። የምስር ሳምቡሳውን ሙስሊሙ ሲያፈጥርበት ኦርቶዶክሱም ጾሙን ሳይሽር ይቀምሰዋል። ድርጅቱ በየዓመቱ በፋሲካ ማግስት ያደርግ የነበረውን የጋራ ግብዣ ወደዚህ ወቅት ያመጣው ለዚህ ነው፤ ሥጋ የሚወዱት ግን ይህን እንደ ቅጣት ቆጥረውታል። አስተዳደሩ ለውጡን ለውጭ ሰው ሲተርክ የሚያስቀድመው ይህንኑ የጋራ ማዕድ ነው። ማዕዱ ያማረ እንደነበር እውነት ነው፤ ነገር ግን የእረፍቱ ሰዓት ባይስተካከልና ማስጠንቀቂያው ከግል ማኅደሩ ባይወጣ ኖሮ የመቁረጫው ሠራተኛ በዚያ ማዕድ ላይ ይቀመጥ ነበር ብሎ ማመን ያስቸግራል።

የበዓል ስጦታውም ተለወጠ። ቀድሞ ለፋሲካ በሬ ተገዝቶ ሥጋው በቅርጫ ለክርስቲያኖቹ ይከፋፈል፣ ለሙስሊሞቹ ደግሞ ከሥጋው ዋጋ ያነሰ ገንዘብ ይሰጥ ነበር። አሁን ሁሉም በእኩል መጠን በብር ይቀበላል፤ የሚቀበልበትንም በዓል ራሱ ይመርጣል፤ ቅርጫ የሚፈልጉት አዋጥተው ያርዳሉ።

ጨረቃና ሰሙነ ሕማማት

የዒድ ቀን አስቀድሞ አለመታወቁ ለሰሌዳ አዘጋጁ ከባድ ነበር። የረመዳን 29ኛው ቀን ቅዳሜ መጋቢት 20 ስለዋለ፣ ዒድ ወይ እሑድ ወይ ሰኞ ይሆናል። ለሰኞ ሁለት ሰሌዳ ተዘጋጀ፦ አንዱ ዒድ እሑድ ከሆነ፣ ሌላው ሰኞ ከሆነ። ጨረቃ በመታየቷ ዒድ እሑድ መጋቢት 21 ዋለ። እሑድ አስቀድሞም የእረፍት ቀን ስለነበረ ሙስሊም ሠራተኞቹ ተጨማሪ የእረፍት ቀን አላገኙም። ምትክ ቀን ይሰጠን የሚለው ጥያቄያቸው ተቀባይነት አላገኘም፤ ሰኞን ለዘመድ ጥየቃ የፈለጉት ከዓመት እረፍታቸው ላይ ወሰዱ። ቅሬታቸው ተገቢ እንደሆነ ኮሚቴው ቢያምንም፣ ትንሣኤም ሁልጊዜ እሑድ እንደሚውልና ለእርሱም ምትክ እንደማይሰጥ ተጠቅሶ ታለፈ። ንጽጽሩ ሙሉ አይደለም፤ የትንሣኤ ሰው በስቅለት ዓርብም በሕግ ያርፋል።

በሕማማት ሳምንት ከተመዘገቡት የምርጫ ፈረቃዎች ብዛት የተነሣ የማሽን ክፍሉ የማታ ፈረቃ ከሰኞ እስከ ረቡዕ በግማሽ ኃይል ሠራ። ይህ አስቀድሞ ስለታወቀ ሥራ አስኪያጁ ለዚያ ሳምንት አስቸኳይ ሥራ አልተቀበሉም። ካለፉት ዓመታት የተለየው መቅረቱ ሳይሆን መታወቁ ነው፤ ድሮ በዚያ ሳምንት ሰው በሕመም ፈቃድ ይጠፋ ነበር።

ያልተቋጩት

እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ የጠዋት ፈረቃ ሠራተኞች የ6፡00 ሰዓቱ እረፍት እንደማይጠቅማቸው ገልጸው፣ በእረፍቱ እየሠሩ ቀድመው ለመውጣት፣ በጾሙ ከቀትር በኋላ በሚቀደሰው ቅዳሴም በእስጢፋኖስ ወይም በልደታ ለመድረስ ጠይቀዋል። በእጅ ጥረዛ ላይ ላሉት ተፈቀደ፣ ሥራው ለየብቻ ስለሚሠራ። ማሽን ላይ ላሉት ግን አልተቻለም፤ የአንድ ማሽን ቡድን አብሮ ካልቆመ ሥራው አይሄድም። በአንድ ቤት ውስጥ ያሉ፣ አንድ ጾም የሚጾሙ ሠራተኞች በሙያቸው ምክንያት በተለያየ ሁኔታ መስተናገዳቸው አሁንም ያነጋግራል።

ሰሌዳው በ2018 ዓ.ም. ሁለቱ ጾሞች በጥቂት ቀናት ልዩነት ሲገቡ ያለ ብዙ ለውጥ አገልግሏል። ለ2019 ግን እንደገና መሠራት አለበት። በዚያ ዓመት ረመዳን በየካቲት መጀመሪያ ገደማ ገብቶ ወሩን ሙሉ ይቆይና፣ ሊያልቅ ሲል የካቲት 29 ሁዳዴ ይገባል፤ ትንሣኤ ሚያዝያ 24 ይውላል። ተደራርበው የነበሩት ተከታትለው ሲመጡ የጾሙ ወቅት ወደ ሦስት ወር ይረዝማል፣ የጋራ ማዕዱም የሚያርፍበት ሰፊ ጊዜ አይኖርም። ስምንቱ የምርጫ ፈረቃዎች ለዚህ ይበቁ እንደሆነ፣ የማታውም እረፍት ረመዳን ካለፈ በኋላ ወደ ቀድሞው 1፡30 ይመለስ ወይስ በ12፡35 ይቆይ የሚለው ለሚቀጥለው የኮሚቴ ስብሰባ ተቀጥሯል፤ ከማሽን ክፍሉ ክርስቲያኖች አብዛኞቹ በ12፡35 እንዲቆይ አስቀድመው ጽፈው አስገብተዋል።